ሁለት ሰዓት የቀረው ጾም

ፈረንጅ አገር፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ መኪና ብቻ በሚሄድበት መንገድ ዳር፣ ነጠላዋን ተከናንባ በእግሯ የምትሄድ አሮጊት አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ እባላለሁ። የጠፋሁ መስሏችሁ መኪና ያቆማችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ አልጠፋሁም ነበር። ልጄ ሰናይት ኤርፖርት ነው የምትሠራው። ፈረቃዋ ዛሬ ጠዋት ከሆነ ነገ ማታ ነው። ብቻዬን ስቀር ግድግዳው ይጫነኛል፣ እወጣለሁ፣ እግሬ ወደመራኝ እሄዳለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ዓርብ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ የሆነውን ነው። በአንዲት ቃሌ የሰው ልጅ ልገድል ነበር።

ከአፓርትመንታችን ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ርቆ ሰፊ ሜዳ አለ። መካከሉ ላይ እንደ አውድማ የተደለደለ ጠባብ መሬት፣ በሁለቱ ጫፍ ሦስት ሦስት አጫጭር እንጨት የተተከለበት። አንዱ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፤ ኳሷ የተተከለውን እንጨት ከጣለችው መቺው ይወጣል። ክሪኬት ይሉታል። ኧርቪንግ የህንድ ሰው ብዙ ስለሆነ ልጆቻቸው ቅዳሜና እሑድ ሲጫወቱ ይውላሉ። ዛፍ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሱሺላ የምትባል የህንድ አሮጊት ትቀመጣለች። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ የሷን አላውቅም፣ እንግሊዝኛውን ሁለታችንም አናውቀውም። አንድ ሰው ስድስት ጊዜ ወርውሮ ሲጨርስ ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች፤ መቺ ሲወጣ ጣቷን ወደ ሰማይ ታነሳለች። በሁለት ክረምት እንዲህ አድርጋ ጨዋታውን አስተማረችኝ።

ስለዚህ የአገራችን የክሪኬት ቡድን ሊመጣ ነው ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ሲነገር፣ ሰው ሁሉ ሲሳሳቅ ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እግር ኳሱ ያላሳፈረን ይመስል!» አለ አንዱ።

«ማነው ደግሞ የሚጫወተው?»

«የሚጫወቱት ልጆቻችሁ ናቸዋ» አልኩ። «አልጋ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።»

ሆቴል የሚከፍልላቸው አልነበረምና ልጆቹ በየቤቱ ተደለደሉ። አሥራ አምስት ሆነው ሊመጡ ነበር፤ አራቱ ቪዛ ተከለከሉ። አሥራ አንድ ተጫዋችና አንድ አሰልጣኝ ደረሱ፤ ለመጫወት የሚያስፈልገው ልክ አሥራ አንድ ነው፣ አንድ ሰው ቢጎድል የሚተካ የለም። የመለማመጃና የመከላከያ ዕቃቸው ያለበት ሻንጣ መንገድ ላይ ጠፋ። የእግር መከላከያ ከህንዶቹ ልጆች ተውሰው፣ የአንዱን ላብ ሌላው እየለበሰ ነበር የሚጫወቱት። ይህም ሳይበቃ የአንዱ ጣት በመጀመሪያው ጨዋታ ተሰብሮ በፋሻ ጠቅልሎ ይሰለፍ ነበር።

እኛ ቤት ሁለት መጡ። ደረጀ የሚባለው አፉ የማያርፍ፣ የፍሪጁን በር ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ቀልደኛ ነው። ይታገሱ ደግሞ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክንዱ እንደ ገመድ የጠነከረ። አዳማ ውስጥ የታክሲ ረዳት ነበር። ህንዶች በሚሠሩበት የክር ፋብሪካ አጥር ሥር ኳስ ሲያቀብላቸው ቆይቶ፣ አንድ ቀን እስቲ ወርውር ቢሉት እንጨቱን ከመሬት ነቀለው። የቡድኑ ፈጣን ወርዋሪ እሱ ነው።

የመጡት የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ነበር። ጾሙ ገብቶ የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ይታገሱ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። አይጠጣውም፣ አያስቀምጠውም።

«እማማ» አለኝ፣ «ንስሐ አባቴ ስመጣ ‹መንገደኛ ነህ፣ ሥራህም ከባድ ነው፣ ብላ ጠጣ፣ ፈትቼሃለሁ› ብለውኛል። ግን እርስዎን ሳይ ከበደኝ። ምን ይላሉ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እኔ ምን አውቄ ልበል? ካህን አይደለሁ። «አባትህ ካሉህ ጠጣ» ብዬ ማለፍ ስችል፣ አንዲት ኩራት ከሆዴ ብቅ አለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አልኩት። «እኔ ግን በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ በዚህ እግሬ እየዞርኩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አላስገባም። እመቤታችን ታበረታለች።»

ብርጭቆውን የዕቃ ማጠቢያው ሲንክ ውስጥ ደፋው። ውሃው ሲወርድ ሰማሁና፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። እኔ የምዞረው ጠዋት በጥላና ማታ ፀሐይ ስትበርድ መሆኑን፣ ቀትር ላይ ኤሲ ሥር ጋቢ ደርቤ እንደምተኛ አልነገርኩትም። አልዋሸሁም። አልነገርኩትም ብቻ።

ደረጀ እንቁላል ሊጠብስ ሲገባ አየንና «አባ ይታገሱ፣ ቡራኬ!» ብሎ አንገቱን ሰበረ። «እኔ ተፈትቻለሁ እማማ፣ እንዳያዩኝ። መንገደኛ ነኝ።»

«መንገዱ ከፍሪጁ እስከ ምድጃው ነው?» አልኩት። ሳቅን።

ጨዋታው ሳቅ አልነበረውም። ሁለቱን አስቀድመው ተሸንፈው ነበር፤ ሦስተኛውን ረቡዕ ዕለት ተሸነፉ፣ በዚህኛውስ አለቀሱ። ከሜዳው ሲመለሱ ይታገሱ ከመኪናው ወርዶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ አገኘሁት። ባቱ ተቋጥሯል፣ ከቆዳው ሥር እንደ አይጥ ይላወሳል።

«ምን ሆንክ?»

«ጅማት ነው፣ ይለቃል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ለማንም እንዳይናገሩ። ስለት ገብቻለሁ። ዓርብ የመጨረሻው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳልነካ ከተጫወትኩ እመቤታችን አንዷን ታሸንፈናለች። ባዶ እጃችንን ከገባን ቡድኑ ይፈርሳል፣ ኮች ራሳቸው ነግረውናል።»

«ሌሎቹ ያውቃሉ?»

«እህል እንደማልበላ ያውቃሉ። ውሃውን አያውቁም። ኮች ካወቁ አያሰልፉኝም። እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ስለት የተወራ ለት ምን ስለት ነው» አልኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። ቃል ገባሁለት ማለት ነው።

ጨዋታው ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ አይቆይም፣ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመሳል። ግን ቅዳሜና እሑድ ሜዳውን ሌሎች ቀድመው ስለያዙት ዓርብ ተደረገ። በአንድ ቀን ልዩነት።

ዓርብ ጠዋት ሰናይት የሥራ ልብሷን እየለበሰች «እማዬ፣ ኦኬ፣ ሶ ዛሬ ሙቀቱ በጣም ሃይ ነው፣ ዎርኒንግ አለ። ባትሄጂ ይሻላል» አለችኝ።

«ልጆቹ እየተጫወቱ እኔ ልቅር?»

«እነሱ ውሃ ይጠጣሉ። አንቺ ጾመኛ ነሽ። ማለቴ፣ ጥላ ሥር ካልሆነ ወዲያው ኮል አድርጊልኝ።»

ሄደች። ሽንት ቤት ስገባ ይታገሱ ውሃውን ሳይለቅበት ወጥቷል። ቀለሙን አየሁ። የቆየ ጠላ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁትና ለቀቅሁበት። በዚያው ሰዓት ስልኬ በሆነ በማላውቀው ድምፅ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ አምቡላንስ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበረበት። ማንበብ ስለማልችል አጠፋሁትና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ አራት ሰዓት ሲሆን ገና ከጠዋቱ አስፋልቱ ይንቀጠቀጣል፣ እንፋሎት የወጣበት ይመስላል። ሣር ላይ የሚውሉት ጥቋቁር ወፎች አፋቸውን ከፍተው በመኪኖቹ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል። አንድም አይጮኽም። ሱሺላ በበረዶ የተሞላ ሳጥኗን ይዛ ቦታችን ላይ ነበረች። አየችኝና ሰማዩን አሳይታ ራሷን ነቀነቀች።

ተጋጣሚዎቹ የኧርቪንግ ልጆች ቀድመው መቱ፤ የኛዎቹ ወርዋሪ ሆነው ሜዳውን ሞሉት። ይታገሱ ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ። ሦስተኛው ኳስ እንጨቱን ጣለው። ሱሺላ ጣቷን ወደ ሰማይ አነሳች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እንዲህ ሲወረውር አይቼው አላውቅም፣ ማንም አላየውም። አሰልጣኙ፣ ኮች መስፍን የሚሉት፣ በድንበሩ ገመድ ዳር እየሮጠ «ይታገሱ! ይታገሱዬ! አትልቀቃቸው!» ይላል። ልቤ ዘለለ። ስለቱ ሰመረ አልኩ።

አምስት ሰዓት ላይ የውሃ እረፍት ሆነ። ልጆቹ ኮዳቸውን አንስተው ጨለጡት። ይታገሱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ጀርባውን ሰጠ፣ ኮዳውን አንገቱ ላይ አፈሰሰው፣ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠራረገ፣ እንደ ጠጣ ሰው። ሲዞር ዓይን ለዓይን ተገናኘን። ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለተኛው እረፍት። አሁንም አፈሰሰው። ፈገግ ግን አላለም፤ ወደ እኔ ያየ እንደሆን እንጃ፣ ዓይኑ እኔን አልፎ ነበር የሚያየው።

እጄ ላይ ያለውን ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ቀረው፤ ይችላል። እኛ ስንቱን ችለናል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀረው። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ አትነቃነቅም። ይታገሱ ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ በእጁ መሬት ያዘ፣ ተነሳ። ልጆቹ ሳቁበት።

ሱሺላ ክንዴን ጨበጠችኝ። ወደ ደረጀ ጠቆመች፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። ወደ ሌላው ጠቆመች፣ ርሷል። ወደ ሁሉም። ከዚያ ወደ ይታገሱ። ሸሚዙ ደረቅ ነው። ደረቅ፣ ነጭ የጨው መስመር የተሣለበት፣ በነፋስ የሚርገበገብ። ግንባሯን በጣቷ ጠርጋ ባዶ ጣቷን አሳየችኝ። ላብ የለውም ማለቷ ነው።

እኔ ምን አልኩ? እጄን አወዛወዝኩ፣ ደህና ነው ብዬ። ያን ያህል ፈራሁ። ተነስቼ ብናገር ስለቱን አፈረስኩበት፤ ቢሸነፉ በኔ ነው። ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፣ እሱን ለመጻፍ እጄ ይከብዳል፦ «ማነው አትጠጣ ያለው?» ቢሉኝስ?

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ቀረው።

አምስተኛውን መቺ አወጣ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ ልጆቹ እየሮጡ መጥተው ተጠመጠሙበት፣ አነሱት። አልሳቀም። ሲያወርዱት እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ሰማይ ሰማይ ያያል። ሲለቁት ለሚቀጥለው ውርወራ ሊንደረደር ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። የሚነሳበት ምልክት ላይ ደረሰ፤ አልቆመም። አልፎት ሄደ። ገመዱን ተሻግሮ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ።

«አባ ይታገሱ!» ደረጀ ጮኸ። «ወዴት ነው? ወደ ገዳም?»

ሁሉም ሳቀ። የኧርቪንግ ልጆችም፣ ቃሉ ሳይገባቸው፣ ሳቁ።

ይታገሱ ዞረ። ተንደረደረ። ገመዱን ዘሎ፣ ምልክቱን አልፎ፣ በሙሉ ኃይሉ መጥቶ፣ ክንዱን አሽከርክሮ ወረወረ። በእጁ ኳስ አልነበረም። ኳሷ ደረጀ እጅ ላይ ነበረች።

እንደገና ሳቁ፣ ከቅድሙ የበለጠ። እኔ ግን የወረወረውን ነገር ወዴት እንደሄደ በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ይፈልግ ነበር።

ተነሳሁ። ጃንጥላዬ ወደቀ። ገመዱን ተሻገርኩ። አሮጊት በነጠላ ወደ መካከል ሜዳ ስትገባ ዳኛው እጁን እያወዛወዘ ጮኸ። ኮች መስፍን ከወዲያ ጥግ ሮጦ መጣ።

«እማማ! እማማ ይውጡ! ጨዋታ ላይ ነን፣ ልናሸንፍ ነው!»

«ውሃ አልጠጣም።»

«ማን?»

«እሱ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነው።»

«ይጠጣል እንጂ!» አለ ደረጀ። «በየእረፍቱ ኮዳውን ባዶ ያደርገው የለ?»

«አንገቱ ላይ ነው የሚያፈሰው። አውቃለሁ። ሳውቅ ነው የቆየሁት።»

ይታገሱ ዘንድ ደረስኩ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱ ወፍሮ ቃሉ እንደ ጥጥ ነው የሚወጣው።

«እማማ... ለምን ተናገሩ?»

«ጠጣ፣ ልጄ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት አልፏል።»

«ዘጠኝ አልሆነም።»

ኮች ኮዳ ነጥቆ አፉ ላይ ደቀነበት። «ጠጣ! ትእዛዝ ነው!» ይታገሱ ጥርሱን ገጥሞ ራሱን ነቀነቀ። ደረጀ ለመነው፣ ቀልዱን ሁሉ ትቶ፣ «ወንድሜ፣ እባክህ» እያለ። ልጁ ግን የሚያየው እኔን ብቻ ነበር። በዚያ በፈዘዘ ዓይኑ፣ ፈተና አርሞ እንዲመልስለት መምህሩን እንደሚጠብቅ ተማሪ።

ኮዳውን ከኮች እጅ ወሰድኩ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ በፍልሰታ ዓርብ ቀትር ላይ ውሃ አፌ ገብቶ አያውቅም፣ አራስ ሆኜ ካልሆነ። አነሳሁትና ጠጣሁ። ደጋግሜ ተጎነጨሁ። በአገጬ ወረደ፣ ነጠላዬን አራሰው። ሁሉም ቆሞ ያያል።

«አየኸኝ?» አልኩት። «ገደፍኩ። ያቺ በሰባ ሁለት ዓመቷ አትጠጣም ያልኩህ ሴትዮ ይኸው ጠጣች። በቀትር የምተኛው ኤሲ ሥር ነው፣ ልጄ። አልነገርኩህም እንጂ ፀሐይ ላይ ውዬ አላውቅም። አባትህ ፈትተውሃል። ስለቱ በኔ አንገት፣ ኃጢአቱም በኔ አንገት። ጠጣ።»

ኮዳውን ተቀበለኝ። ሁለቴ ዋጠ። ሦስተኛውን ሊወጥ ሲል አስመለሰውና ጉልበቱ ታጠፈ። ክንዱን ስይዘው ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና በር የነካሁ መሰለኝ፤ እጄን አነሳሁ።

ኮች አምቡላንስ ጠራ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ የሚሉትን ይነግረናል። «ጥላ ሥር! ልብሱን አውልቁ! በረዶ ብብቱ ሥር፣ አንገቱ ላይ፣ ብሽሽቱ ላይ! ካልነቃ ምንም አታጠጡት!» የኧርቪንግ ልጆች እንጨታቸውን ጥለው በሳጥን በሳጥን በረዶ እየተሸከሙ መጡ። ሱሺላ ሳጥኗን እየጎተተች ደረሰች፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ገፈፈችው፣ በረዶውን ዘርግፋበት ደረቱ ላይ ጠቀለለችው። ቅድም ክንዴን ጨብጣ ስታስጠነቅቀኝ እጄን ያወዛወዝኩባት እሷው ነበረች።

ይታገሱ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ተከፍቷል ግን አያይም። ድንገት በታክሲ በር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ክንዱን አነሳና በሙሉ ድምፁ «ወራጅ አለ!» አለ። «ወራጅ አለ!» ሦስት ጊዜ።  ደረጀ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ደፈነ።

አምቡላንሱ ሲመጣ እኔ እየቆጠርኩ ነበር። ምን እንደምቆጥር ግን አላውቅም።

ሆስፒታል ሰናይት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሐኪሙ አናገራት። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ሶ፣ ነቅቷል። ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ፎሎ ያደርጉታል። ግን፣ ማለቴ፣ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር ነው የሚለው።» ቁጭ አለች። «የሚገርመኝ፣ እንዴት አንድ ስፖርተኛ በዚህ ሙቀት ውሃ አልጠጣም ይላል? ማነው አትጠጣ ያለው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።



ሆስፒታል አራት ቀን ተኛ። ጨዋታው በዚያው ቀረ፤ የኧርቪንግ ልጆች አንቀጥልም አሉ፣ ኮችም አልፈለገ። አሸናፊ የለም ተባለ። ቡድኑ አንድም ሳያሸንፍ አገሩ ገባ፣ ያለ ይታገሱ። ደረጀ ሲሰናበተኝ ትከሻዬን ሳም አድርጎ ምንም ቀልድ አልነገረኝም። ይታገሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

«አምስት አውጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ሳይዞር። «ሁለት ሰዓት ነበር የቀረኝ።»

«አዎ።»

«ዝም ቢሉ ኖሮ...»

«ዝም ብዬ ነበር» አልኩት። «ከሰኞ ጀምሮ ዝም ብዬ ነበር። ያንን ነው የበደልኩህ።»

 በማግስቱ ውሃ ሲሰጡት ብርጭቆውን ተቀበለና፣ ከመጠጣቱ በፊት ወደ እኔ አየ። እንዳያየኝ ብዬ ወጣሁ። በኔ ፈቃድ እንዲጠጣ አልፈለግሁም።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ስነግራቸው በቀትር ገደፍኩ ብዬ ነበር ያለቀስኩት። እሳቸው ግን ከውሃው ይልቅ ስለዚያ ሰኞ ጠዋት ጠየቁኝ። ስለ ሲንኩ። «ውሃው ሲደፋ ምን ተሰማሽ?» አሉኝ። «ደስታ» አልኩ። ቀኖና የሰጡኝ ለሱ ነው። ለጠጣሁት አንድም አልጨመሩብኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጾም አትጹሙ የምል እንዳይመስላችሁ። እጾማለሁ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ ነገም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። አሁን የጾም ወራት ሲገባ እዚህ ያሉትን ልጆች፣ መጋዘን ውስጥ ሣጥን የሚያነሱትን፣ ኤርፖርት አስፋልት ላይ ሻንጣ የሚጭኑትን፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ መኪና አቁመው የሚጭኑኝንም ጭምር፣ «አባትህ ምን አሉህ?» እላቸዋለሁ። «ፈቱኝ» ካሉኝ፣ «እንግዲያው ጠጣ» እላለሁ። ስንት ሰዓት እንደምቆይ ለማንም አልናገርም። ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም። እኛ አሮጊቶች አንድ ቃል ጣል አድርገን እንሄዳለን፤ ቃሉ ግን አይሄድም፣ የሰማው ልጅ ተሸክሞት ፀሐይ ላይ ይወጣል። «እኔ እንኳን...» ብላችሁ ልትጀምሩ ስትሉ ልጁ የት እንደሚውል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይታገሱ ከሆስፒታል ወጥቶ እኛ ዘንድ እያገገመ ሳለ እናቱ ከአዳማ በቪዲዮ ደወሉ። ወይዘሮ አበበች ይባላሉ። እኔን አገናኙኝ ብለው ነው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ልጄን በውሃ አተረፉልኝ። እግርዎን ልሳም። እግዜር በሰማይ ይክፈልዎት...»

ምርቃቱ ሊያልቅ አልቻለም። መቀበል አቃተኝ።

«አይደለም፣ እህቴ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብርጭቆውን፣ ሲንኩን፣ «በሰባ ሁለት ዓመቴ» ያልኩትን፣ እጄን ያወዛወዝኩበትን።  

«ቦሌ ስሸኘው» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹አደራ፣ ፈረንጅ አገር ሄጄ ጾም ሻርኩ ብለህ እንዳትመጣብኝ፣ ያጠባሁህ ጡት እሾህ ይሁንብህ› ያልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ንስሐ አባቱ ፈትተውት ከቤታቸው ሲወጣም፣ በር ላይ ጠብቄ መልሼ ያሰርኩት እኔው ነኝ።»

 እሳቸው አዳማ፣ እኔ ኧርቪንግ፣ ተያየን። ስልኩን ሁለታችንም አልዘጋነውም።